ሦስት ጊዜ ሲጫኑት የሚነሳው የኋላ ክንፍ

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ ከመዝገቡ ጋር በተያያዘው መታወቂያ እንደሰፈረው፤ በሥራ ቦታ መጠሪያዋ «ሽቦ»
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ጋራዥ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በ11ኛው ቀን፣ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ከጋራዥ ግቢ የተሰረቀችን የስፖርት መኪና ስለመለየት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ከአባቴ ጋር በምንሠራበት ጋራዥ የኤሌክትሪኩን ክፍል ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የግል ተበዳይ የሆኑትን የጥርስ ሐኪም የማውቃቸው በደንበኝነት ነው። ሐኪሙ ቀይ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። የዚህች መኪና የኋላ ክንፍ፣ ስፖይለር የሚባለው፣ ፍጥነቷ በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር ሲያልፍ በራሱ ይነሳል፤ ፍጥነቷ ሲቀንስ ተመልሶ ይተኛል። ሐኪሙ ግን እንኳን ዘጠና፣ ስልሳንም የሚደፍሩ ሰው አይደሉም። መኪናዋን በገዙ በሁለተኛው ዓመት ወደ እኔ መጥተው «ክንፍ አላት ብለው ሸጡልኝ፣ እስከ ዛሬ ግን በዓይኔ አላየሁትም። ቆማ እያለች እንዲነሳ አድርጊልኝ፣ ልጆቼም ይዩት» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሥራውን ተቀበልኩ።

በሁለት ቀን ጨረስኩት። የኋላ መስታወት ማሞቂያው ማብሪያ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲጫኑት ክንፉ እንዲነሳ፣ ሦስት ጊዜ ሲደግሙት እንዲተኛ አደረግሁ። በጉዞ ላይ ሰው ሳያስበው እንዳይነካው ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ካልተያዘ እንዳይሠራ አገድኩት። ፋብሪካው የሠራውን አልነካሁም፤ በዘጠና ኪሎ ሜትር እንደ ድሮው በራሱ ይነሳል። ኮርቼ ሐኪሙን ጠርቼ ሳሳያቸው እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ከኋላ ቆሞ ያይ የነበረው አባቴ ግን «ልጄ፣ ክንፍ አወጣሽላት፣ ዓይኗን ግን አጠፋሽባት» አለኝ። ዞሬ ባይ እውነቱን ነው። ክንፉ በማብሪያው ሲነሳ የታርጋው የቀኝ አምፖል ይጠፋል፤ ሲተኛ ተመልሶ ይበራል። ለክንፉ የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ከአምፖሉ ሽቦ ላይ ቀጥዬ ስለነበር የመጣ የእኔ ስህተት ነው። በጣም አፈርኩ። ሐኪሙን በሚቀጥለው ሰኞ መልሰው እንዲያመጧት ለመንኳቸው።

ሰኞ ጠዋት አምጥተው አስረከቡኝ። የመኪናዋን ቁልፍ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቀልኩት። ከቀኑ 6፡30 ገደማ፣ አምፖሉን ገና ሳልነካው፣ እኔና አባቴ ከግቢው ጀርባ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝተን ስንሠራ፣ ኮምፕሬሰሩ ይጮህ ስለነበር ምንም አልሰማንም። 7፡10 ላይ ወጥቼ ሳይ መኪናዋም ቁልፏም የሉም። ማን እንደወሰዳት አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም።

ሐኪሙ ጋራዡ በር ላይ ቆመው፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ ከሌባ ጋር ተመሳጥራ ነው ብለው ጮኹ። በተጠርጣሪነት ተይዤ ሁለት ቀን ታስሬ በአባቴ ዋስትና ተለቀቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያሉት አምስት ወራት እንዴት እንዳለፉ ይመዝገብልኝ። ደንበኛ ቢመጣ እንኳ እስክጨርስ ከራሴ በላይ ቆሞ እጄን ይጠብቃል። የጎማ ቤቱ ሰውዬ ሰላምታ አቆመ። የገዛ እህቴ ባል ሊጠይቀን ሲመጣ መኪናውን ከመንገዱ ማዶ ማቆም ጀመረ። ከእስሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ዛሬ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት መርማሪው አስጠርተውኝ ወደ ጣቢያው ግቢ ገባሁ። አንዲት ነጭ የስፖርት መኪና ቆማለች። ታርጋዋ ሌላ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሯ ተፍቆ እንደገና የተመታ ይመስላል። መኪናዋ የተገኘችበት፣ ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጥ ሰው ግን ሰነዱን በእጁ ይዞ «ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ነጭ ናት፣ የራሴ ናት» ይላል። ሐኪሙም ነበሩ፤ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። መርማሪው መለየት እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ሳልነካት እለያታለሁ አልኩ። ወረቀት ተሰጥቶኝ ለብቻዬ ሦስት መስመር ጻፍኩና፣ አንዱን መስመር ከሞከሩ በኋላ ቀጣዩን እንዲያነቡ ነግሬ ለመርማሪው ሰጠኋቸው።

መርማሪው ራሳቸው ገብተው ሞተሩን አስነሱ፣ መብራቶቹን አበሩና የማሞቂያውን ማብሪያ ሦስት ጊዜ ተጫኑት። ምንም የለም። ሻጩ ሳቀብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አሻንጉሊት መሰለችሽ እንዴ?» አለ። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝን የእጅ ፍሬን በችኮላ ሁለተኛ ላይ እንዳደረግሁት ያን ጊዜ ገባኝ። «ሁለተኛውን ያንብቡት» አልኳቸው። አንብበው የእጅ ፍሬኑን ሳቡና እንደገና ተጫኑ። ክንፉ እያቃሰተ ተነሳ! ልቤም አብሮት ተነሳ። በየቢሮው የነበሩ ፖሊሶች በመስኮት ብቅ ብቅ አሉ።

ሻጩ ቶሎ ነቃ። «ይኼማ እኔ ያሠራሁት ነው፤ የትም ጋራዥ ይሠሩታል» አለ። እኔም «ካሠራኸው ጥሩ፤ ክንፉ ሲነሳ ሌላ ምን እንደሚሆን ንገራቸዋ» አልኩት። «ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም!» ብሎ በሁሉም ፊት መለሰ። መርማሪው ሦስተኛውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡት፦ የታርጋው የቀኝ አምፖል ይጠፋል። ሁላችንም ከኋላዋ ዞረን ጎንበስ አልን። ጠፍቷል። ክንፉን አስተኙት፣ በራ። አነሱት፣ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ሻጩ ሰነዱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ሐኪሙ ወደ እኔ መጥተው «እህቴ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። «ዶክተር፣ ይቅር ብያለሁ። ግን ሌባ ያሉኝ ጋራዡ በር ላይ ነው፤ ይቅርታውንም እዚያው ቆመው ይበሉልኝ» አልኳቸው። ነገ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ሊመጡ በመርማሪው ፊት ቃል ገብተዋል። ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ። «አባባ፣ አምፖሉ ጠፋ!» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። አባቴ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ደስታዬ ለልቅሶ ጊዜ አልሰጠኝም።

ቃሌ ተጽፎ ካበቃ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። አንድ ቦታ አሳርሜያለሁ፤ ስለ አምፖሉ «በመኪናዋ ላይ የነበረ ብልሽት» ተብሎ የተጻፈው ተሰርዞ «የእኔ ስህተት» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄ ታርሟል። ያን ስህተት ከእኔ በቀር የሠራው የለም፤ ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም። የተናገርኩት ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የሠራሁት እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ። ከአምስት ወር በፊት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ «ተጠርጣሪ» ከሚለው ሥር ፈርሜ ነበር። ዛሬ «ምስክር» ከሚለው ሥር ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)