ቃሬዛ ይጠበቅበት የነበረው መናኸሪያ

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ይሄ አሁን ፍየል የታሰረበት ሜዳ መናኸሪያ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ! ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ እኔ ተራ አስከባሪ ሆኜ፣ "ጂንካ! ጂንካ! የሞላ ጂንካ!" እያልኩ ስጮህ ድምፅህ ካኮ ገበያ ድረስ ይሰማል ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ ማርታ ደግሞ እዚያ ጥግ ላይ የተቀቀለ ጎደሬ ትሸጣለች።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። በሽተኛ በቃሬዛ ከተራራው ሲወርድ ተሸካሚዎቹ ገና ከላይ "ቃሬዛ! ቃሬዛ!" ብለው ይጣራሉ፤ እና መኪናው ቢሞላም አይነሳም። አንዳንዱ ሹፌር "ኧረ ጋሼ፣ መሸብኝ እኮ!" ይለኛል። "እናትህ ብትሆንስ?" እለዋለሁ። ሞተሩን ያጠፋል። ተሳፋሪውም ሳያጉረመርም ወንበር ይለቃል። እንዲህ ነበር እላችኋለሁ፣ እንዲህ ነበር!

ታዲያ አስፋልት መጣ፤ መጣና በዚያ ኮረብታ ጀርባ አለፈ። እኛም እልል ብለን ተቀበልነው እኮ! መኪናው ሁሉ ወደዚያ ሄደ፣ መናኸሪያው ቀረ፣ እና እኔም ወደ እርሻዬ ተመለስኩ።

ታዲያ ማርታ ታመመች። ሆዴን፣ ሆዴን ትላለች። ጎረቤቶቼ ቃሬዛ አበጁ፣ ተሸከሟት፣ እና ወዴት የወረዱ ይመስላችኋል? ወደዚህ! ወደ መናኸሪያው! በሽተኛ ይዞ ወደ ሌላ ቦታ የወረደ ሰው የለማ፤ እግራችን የሚያውቀው ይሄንን ነው። አንዱ እንዲያውም ከላይ "ቃሬዛ! ቃሬዛ!" ብሎ ተጣራ። ለማን? እስቲ ንገሩኝ፣ ለማን? ደርሰን ባዶውን ሜዳ ስናይ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

እና ዞረን ኮረብታውን ወጣን። አስፋልቱ ዳር አስቀመጥናትና መኪና ለማስቆም እጃችንን ዘረጋን። ያልፋል። ሌላውም ያልፋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ስለዚህ ፊቷን በነጠላ ሸፈንንላት። በስንት ልመና አንድ ሚኒባስ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ አያትና "እኔ ሬሳ አልጭንም!" አለ። ማርታ ከነጠላው ውስጥ ሰማችው። "አለሁ በለው እንጂ" አለችኝ፣ በቀጭን ድምፅ። እኔ ቀና ስል መኪናው ሄዷል።

አለሁ በለው! ይህቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስንዘምር እንኳ እሰማታለሁ። ልቤ ቆስሏል ልጆቼ፣ ምን እላለሁ። እጇን እንደያዝኩ እዚያው አስፋልቱ ዳር አረፈች።

"አባባ፣ ከዚያ በኋላ የቆመ መኪና የለም?" አለችው ወጉን ከሚሰሙት የልጅ ልጆቹ አንዷ።

"ቆመ እንጂ!" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። "ካረፈች በኋላ አንዱ ቆመ። ደግ ልጅ ነው፤ ማረፏን አላወቀም። ወርዶ በሩን ከፈተልን፣ 'አባቴ፣ ቶሎ አስገቧት፣ ሆስፒታል ላድርሳችሁ' አለኝ። ምን ልበለው? 'ተባረክ ልጄ፣ ሂድ፤ ቤታችን እዚሁ ነው' አልኩት።"