በቅሎውን እንዲህ የሚወድ ሰው

ነይ እታለም፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። የፍርድ ቤት አግዳሚ መቼም ለወገብ ታስቦ አልተሠራ... ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እኔማ የውሳኔውን ግልባጭ እየጠበቅሁ ነው። ጠጋ በይ፤ እዚያ ጫፍ ስለተቀመጡት ሰውዬ አታስቢ፣ ጨዋ ናቸው፣ የሰው ወሬ አይሰሙም።

አንቺ ልጅሽ ጋ የሄድሽ ሰሞን ነው። እንስሳ ማሳደሪያዬ አንድ ደግ ሰው መጡ። በቅሏቸው አንክሳለች፣ ሰኮናዋ መግል ቋጥሯል። «ለሁለት ሳምንት ብቻ አደራ፣ እናቴ» አሉና ግንባሯን ስመው አለቀሱ። እንባ ገለባ ቢሆን ኖሮ ግርግሜ እስከ ዛሬ አይጎድልም ነበር! ሁለት ሳምንቱ ስምንት ወር ሆነ። ብደውል አያነሱ... ሐዘን ይሆናላ! የሚወደውን ታሞ ማየት የማይችል ስንት አንጀተ ቡቡ አለ? እኔ ጠዋት ማታ ሰኮናዋን በሞቀ የጨው ውሃ ስዘፈዝፍ፣ ሐኪም ስለምን፣ እሳቸው ሳሎን ፎቶዋ ተሰቅሏል አሉ። ብልህ ናቸው፤ ፎቶ አይበላ፣ አያነክስ።

በቅሎዋ ስትድን ታዲያ ፍቅራቸው አገረሸ። እኔ ለቅሶ በሄድኩበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጭነት መኪና ይዘው ከች! ሌባ ቢሆኑ በጨለማ ይመጡ ነበር፣ አይደል? በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ይቺኛዋ ጌታሽ ማን ነው ቢሏት... ዞር ብላ በእርግጫ መለሰች! ስመለስ ውሃ ገንዳዬ ውስጥ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። እንዴት ያሉ ንጽሕና ወዳድ መሰሉሽ!

ከዚያ «በቅሎዬን ቀማችኝ» ብለው ከሰሱኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይወስዷት ይሆን እያልኩ እህል አልወርድ ብሎኝ ከረመ። ለካ ሕግ ያበላንና ያስታመመን ያውቃል! «የቀለቧና የሕክምናዋ እስኪከፈል በመያዣነት እሷው ጋ ትቆይ፤ ካልከፈሉ ትሸጥ» አሉ ዳኛው ዛሬ። ደጉ ሰው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ትውሰዳት በቃ! ከነሰኮናዋ!» አሉና አረፉት። እንዲህ ያለ ቸር የት ይገኛል? በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች ይላሉ፤ የእኔዋን ግን ጌታዋ በጠሱላት፣ ያጠረውም በእሳቸው።

ምነው፣ የእኚያ ሰውዬ ጆሮ ቀላ? ሙቀቱ ይሆናል... መስኮቱን ክፈችላቸው እስቲ።

እኔ ቂም የለኝም፣ ስምሽን ቄስ ይጥራው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ሲያረጁም፣ እግራቸው ሲከዳቸውም፣ የአብራካቸው ክፋዮች ልክ እሳቸው በቅሏቸውን በወደዱት ፍቅር ይጡሯቸው...

አሜን በይ እንጂ እታለም፣ ጮክ ብለሽ!