ነይ የተባለችው

(ሳሪስ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ሚልክያስ በጎረምሳነቱ ጥቁር እየለበሰ የዘፈነው «ጥላሸት» የተባለ የጎቲክ ሮክ ካሴት ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ ቅዳሜ መድረክ ላይ እንዲጫወተው ተጠርቷል፤ ባለቤቱ ወይንሸት ስልኩን ነጥቃ የአድማጮችን አስተያየት ታነባለች።)

ወይንሸት፦ አልሰጥህም አልኩ! መጀመሪያ «ነይ» የምትላት ማን እንደሆነች ንገረኝ።

ሚልክያስ፦ አንቺ ሴትዮ፣ የሃያ ዓመት ዘፈን እኮ ነው! አድማጭ እንደሆነ ያሰኘውን ይጽፋል።

ወይንሸት፦ አድማጭማ ጨዋ ነው። ስማ፦ «ይህን ካሴት የሰማሁ ለታ ጥቁር ሸሚዝ ገዝቼ ገባሁ። እናቴ ማን ሞተብህ ብላ እሪታዋን አቀለጠችው።»

ሚልክያስ፦ እውነቱን ነው። እኛም የባንዱ ልጆች ጥቁር ለብሰን ፒያሳ ካፌ ስንገባ ሰዉ ብድግ እያለ «እግዜር ያጥናችሁ» ይለን ነበር። አንድ ሽማግሌማ አልቅሰው ሻያችንን ከፈሉልን።

ወይንሸት፦ አታስቀኝ፣ እየተጣላሁህ ነው! ይሄኛው ደግሞ «ጊታሩ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ዘይት ቢጤ ቀቡት» ይላል።

ሚልክያስ፦ ምቀኛ!

ወይንሸት፦ ቆይ፣ የኔ ጉድ ከታች ነው። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ‹ነይ ውሰጂኝ› ሲል ሁሌም አለቅሳለሁ። ማን ትሆን?» ከሥሩ ደግሞ አንዷ ምን አለች? «ታድላ!» ታድላ አለቻት! እኔ እዚህ ሽንኩርት እየላጥኩ!

ሚልክያስ፦ ሴት አይደለችም። ሞት ነው። የዚያ ሙዚቃ ወጉ ነው፤ መቃብር፣ ጨለማ፣ ሞት ነው የሚዘፈነው።

ወይንሸት፦ ሞት «ነይ» ይባላል? ሞት እኮ ወንድ ነው! «ሞት መጣች» ሲባል የት ሰምተሃል?

ሚልክያስ፦ እ... እንግዲያው ጨረቃ ትሁን።

ወይንሸት፦ ትሁን?! ጨረቃ ቡኒ ሹራብ ትለብሳለች? «በቡኒ ሹራብሽ ሸሽጊኝ» ብለሃል እኮ! አድማጩም ነቅቶብሃል፤ «ሁሉ ነገር ጥቁር በሆነበት ካሴት አንድ ቡኒ ሹራብ አለች፣ ልብ በሉ» ብሎ ጽፏል።

ሚልክያስ፦ ሥራ ፈት!

ወይንሸት፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ሚልክያስ።

ሚልክያስ፦ እሺ፣ ሴት ናት! አሁን ደስ አለሽ?

ወይንሸት፦ ስም የላትም?

ሚልክያስ፦ ቆንጂት።

ወይንሸት፦ ስሟም ቆንጂት!

ሚልክያስ፦ የሰፈራችን ልጅ ነበረች። አግብታ ድሬዳዋ ገባች፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗንም አላየሁ።

ወይንሸት፦ ስንቱ ዘፈን ነው የሷ?

ሚልክያስ፦ ያው ሦስተኛው ነዋ።

ወይንሸት፦ ሚልክያስ!

ሚልክያስ፦ ...ሁሉም።

ወይንሸት፦ ዘጠኙም?! ኧረ ቅጥል ልበል! «ጥቁር ሠረገላ» የሚለውስ? ሰው ሁሉ የሬሳ መኪና ነው እያለ እያለቀሰበት?

ሚልክያስ፦ የሰርጓ መኪና ነው። ላንድሮቨር ነበር።

ወይንሸት፦ የኔስ የቱ ነው?

ሚልክያስ፦ ያንቺ ምን?

ወይንሸት፦ የኔ ዘፈን! ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር «ወይኒ» የሚል አንዲት ስንኝ እንኳ ወጥቶሃል? ለሷ ዘጠኝ ዘፈን፣ ለኔ «ጋዝ አልቋል» «ውሃ መጣች»!

ሚልክያስ፦ ወይኒዬ፣ እኔ እኮ የምጽፈው ሲከፋኝ ነው። ካንቺ ጋር ምን ከፍቶኝ ልጻፍ? ጊታሩ እንኳ አልጋ ሥር ነው የከረመው። ይሄ ከዘፈን አይበልጥም?

ወይንሸት፦ አይበልጥም! የኔን ደስታ ማን ሰማው? እኔን ማን «ታድላ» አለኝ? ያጣሃትን አገር ያለቅስላታል፣ ያገኘሃትን ጎረቤት አያውቃትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

ሚልክያስ፦ ይሄ ቅናት ነው እንግዲህ።

ወይንሸት፦ አዎ ቅናት ነው! ታዲያ ምን መስሎህ ነበር? ቀንቻለሁ! አንጀቴ እርር ብሏል! ሌላዋ እንደዚያ ተለቅሶላት እኔ አንድ ዘፈን ሳይወጣልኝ ልሙት?

ሚልክያስ፦ በቃ፣ ቅዳሜ ሦስተኛውን እተወዋለሁ። አንቺ ብቻ ከፊት ቁጭ በይልኝ።

ወይንሸት፦ እንዳትተው! ዘጠኙንም ዝፈን። ድምፅህ እስኪዘጋ ዝፈንላት።

ሚልክያስ፦ የምርሽን ነው? ተመስገን! እኔማ የምትለቂኝ አልመሰለኝም ነበር... ቁምሳጥኑን ምን ፈልገሽ ነው የምታተራምሺው?

ወይንሸት፦ ሻንጣዬን። ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ልሄድ ነው።

ሚልክያስ፦ ወይኒ! ኧረ በእመቤቴ! ለስንት ቀን?

ወይንሸት፦ እሱን አንተ ታውቃለህ። ከፍቶህ አንድ ካሴት እስክትሞላልኝ።