እንግዳ ሲመጣ የተበተነው ሰልፍ

መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፺፬ ዓ.ም. ነበር፤ እኔም በዚያን ጊዜ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንባቢም እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በዚያን ቀን ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከምግብ ባንካችን በረንዳ ተጠለልሁ። ባንክ መባሉ ለስሙ ነው እንጂ ቤቱ አንድ አሮጌ መጋዘን ነው፤ ከየሱቁና ከየቤቱ ዱቄት፣ ዘይትና ባቄላ ለምነን ሐሙስ ሐሙስ ለተቸገረ እናድልበታለን። መደርደሪያዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱን የሚመሩት ግን ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ነበር እሳቸውና የእህታቸው ልጅ፣ መምህርቷ፣ ሲከራከሩ ሰማሁ።

«አናጢው፣ ግባ!» አሉኝ ሽማግሌው አይተውኝ። «ግባና ፍረድ። ይቺ ልጅ መንግሥትን እንክሰስ ትላለች።»

«እንክሰስ አላልኩም፣ ጋሼ። እናነጋግራቸው ነው ያልኩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የከተማው ምክር ቤት ኃላፊ መጋዘኑን ሊጎበኙ መጥተው ነበር። ጋጋሪው ወለሉን አሳጠቡ፤ ከጓዳ ያለውን ሁሉ አውጥተው ከፊተኛው መደርደሪያ ደረደሩ፤ በር ላይ የተሰለፈውንም ሰው «ዛሬ እንግዳ አለብን፤ ነገ ኑ» ብለው በተኑት። ኃላፊው ሙሉ መደርደሪያና ጭር ያለ ደጅ አይተው አመስግነው ሄዱ። ወዲያው «ሰፈሩ ራሱን ችሏል» ተባለና በትምህርት ቤታችን ለልጆች ይሰጥ የነበረው ምሳ እንዲቀር ታሰበ። ምክር ቤቱ ይህንን የሚያጸድቀው ክርክሩን በሰማሁበት ቀን ማግስት ነበር።

«ታዲያ እንግዳ በቆሻሻ ቤት ልቀበል ኖሯል?» አሉ ሽማግሌው። «የሰው ገበና ይሸፈናል እንጂ ለሹም አይዘረጋም። ደግሞስ ‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ› ሲባል አልሰማሽም? ያ ሁሉ ትምህርት ይህን አላስተማረሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። እኚህ ሰውዬ ግን ንጉሥ አይደሉም። ጉንፋን ይዟቸው ሲያስነጥሳቸው አልነበር?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ።

«ልጆቹ ምሳ ካጡ ወዴት ይመጣሉ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወደ እርስዎ። ይችሉታል?»

«እስከ ዛሬ ማን አስቻለን? እግዜር ነው።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት በልተው ስለሚመጡም ነው የቻልነው። የእኛ እደላ ሐሙስ ነው፤ ረሃብ ሐሙስን ጠብቆ አይመጣም። ይሄ ከእኛ አቅም በላይ ነው።»

«ሹም ዘንድ ስንሄድ ወይ መጋዘኑን ይወስዱብናል፣ ወይ ‹አጨብጭቡልን› ይሉናል!»

ይህ ሥጋት ከንቱ እንዳልነበረ መመስከር ይገባኛል። ደጅ ጠንቶ ወይ አሞጋሽ ወይ ተሳዳቢ ሆኖ የተመለሰ ብዙ አይተናል።

«አናጨበጭብም፣ አንሳደብም፤ ለየትኛውም ፓርቲ አንወግንም» አለች መምህርቷ። «ያየነውን እንናገርና አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ፦ ምሳው ይቀጥል። የሚፈልግ ሰውም ችግሩን በራሱ አፍ ይንገራቸው።»

«ማን ነው ገበናውን በአደባባይ የሚያወጣው!»

በዚህ ጊዜ ጥግ ላይ ባቄላ ትለቅም የነበረችው ልብስ አጣቢ ቀና አለች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ሐሙስ ትወስዳለች፣ በሌላው ቀን ታግዛለች።

«አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ያን ቀን ‹ነገ ኑ› ሲሉን ሰልፉ ላይ ነበርኩ። ለእንግዳ ክብር ነው ብዬ አልተቀየምኩም። ግን የእኔን ገበና አልሸፈኑልኝም። ልጄ ሳይበላ መተኛቱን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የሸፈኑት የሰውዬውን ዓይን ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አናጢው፣ አፍህን ዘጋህሳ?»

«ሐኪም ዘንድ ሄዶ ‹ደህና ነኝ› ለሚል በሽተኛ፣ ሐኪሙ ምን መድኃኒት ይስጠው?» አልኋቸው።

«አንተም ከእነሱ ጋር ነህ!» አሉ፤ ግን አልተቆጡም።

በማግስቱ ሽማግሌው ራሳቸው ከምክር ቤቱ ፊት ቆመው ለኃላፊው እንዲህ አሉ፦ «ጌታዬ፣ ያን ቀን ያሳየሁዎት የእኛን ቤት አልነበረም። ሰዎቹን በትኜ ነው የተቀበልኩዎት። አንድ ሐሙስ ሳይነግሩን ይምጡ።» ልብስ አጣቢዋም ቀጥላ የልጆቿን ነገር እስከ መጨረሻው ተናገረች። ውሳኔው ለሌላ ስብሰባ ተላለፈ።

ኃላፊው በእርግጥ መጡ። ዓይናቸው የደከመው ጋጋሪ ግን ሳይለዩአቸው «ወንድሜ፣ ተራህን ጠብቅ!» ብለው ገሠጹአቸው። ሰውዬው ማንነታቸውን ሳይናገሩ ከሰልፉ ጭራ ቆሙ፤ ከፊትና ከኋላ ካሉት ጋር ሲጨዋወቱ ረፈደ። ከመደርደሪያው ሲደርሱ ዱቄቱ አልቆ ነበር።

ምሳው ቀጠለ። በእረፍት ወራትም ይሰጥ ብለን የጠየቅነው እስከ ዛሬ አልተፈቀደልንም፤ እየጠየቅን ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱ ስለ ሰፈራችን ሳይጠይቀን አይወስንም፤ እኛም ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚበሉ ያለንን ጥቂት እህል ለሽማግሌና ለአራስ ማድረስ ቻልን። ጋጋሪውም እስኪሞቱ ድረስ «ለካ ሹምም ካልነገሩት አያውቅም» ይሉ ነበር።

እኔ የማስታውሰው ይህን ያህል ነው። በዚያ የነበረ ሰው ቀን ወይም ቃል ተሳስቼ ቢያገኝ፣ ሽበቴን ሳይፈራ ያርመኝ።