የሂሩት ፋይል

ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ሊፍት ውስጥ ያዙኝና፣ «ሂሩትን በመኪና የገደላት ሰካራም ስንት ዓመት እንደተፈረደበት ፈልግልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ሂሩት የሞተችው ለሥራ በሄደችበት፣ አራት ሰዓት በሚያስነዳ ተራራማ ከተማ ነው። ኦንላይን ብፈልግ ከክሱ ቁጥር በቀር ምንም የለም። ፍርድ ቤቱ ጋ ኮል ሳደርግ አንዲት ሠራተኛ፣ «ፋይሉ ለማንም ክፍት ነው፤ ግን መጥታችሁ ነው የምታዩት» አለችኝ። በማግስቱ ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ ይዣቸው ሄድኩ።

ጋሽ መኮንን እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ሠራተኛዋ ካወጣችልን ፋይል ላይ ፖሊሱ የጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሰውየው በጣም ጠጥቶ እንደነበር፣ ቀይ መብራት እንደጣሰ ይላል። ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ስንደርስ የገጫት ሹፌር ጃኬቱን አልብሷት አስፋልቱ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጇን አልለቀቀም።»

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።

«ብቻዋን የሞተች ነበር የሚመስለን» አሉና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እኔ ሰውየውን እየረገምኩ ነበር የመጣሁት። ፍርዱ ስድስት ዓመት መሆኑን ስነግራቸው መዳፋቸውን ያቺ ገጽ ላይ አሳረፉ። ስንነሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ያቺን ገጽ ኮፒ ታድርግልን በላት» አሉኝ። «እናቷም ትስማው። የምታነብላት አንተ ነህ፤ እኔ አልችልም።»