ለመስቀል የተቀመጠው ገቢ

ቦምቤ አካባቢ የቤተሰብ ገቢ ስንመዘግብ አንድ አባወራ ባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠው ገቢያቸውን ነገሩኝ። ቁጥሩ ልክ እንዳምናው ነው። ታብሌቱ ላይ ሞልቼ ተነሣሁ። ሴትየዋ እስከ በሩ ሸኙኝና፣ "ልጄ፣ ቅቤ ሸጬ ለመስቀል ያስቀመጥኩት አለ። እሱ አያውቅም፤ እንዳትጽፊው" አሉኝ። አጥሩን ሳልፍ ደግሞ ሰውየው ከኋላዬ ደረሱ። "ዝንጅብል የሸጥኩበትን ብር እሷ ፊት አልተናገርኩም። ለመስቀል በሬ የማዋጣው ነው፤ እንዳትጽፊው።" እሺ አልኩ፤ ምን ልበል?

ሶዶ ቢሯችን ስንመለስ አለቃችን የመካከለኛው ቤተሰብ ገቢ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሄደ በመስመር ግራፍ ሠርቶ አሳየን። መስመሩን ከላይና ከታች ግራጫ ጥላ ከቦታል።

"ጥላው ምንድን ነው?" አልኩት።

"ሁሉንም ቤት ስላልጠየቅን ልንሳሳት የምንችልበት መጠን ነው" አለኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የጠየቅነው ቤት ነው።