የመርማሪው ጠበቃ

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ዝናቡ ድንገት ወረደና ሰፈራችን ካለው፣ ሱሪ እንዲሰፋልኝ ካዘዝኩበት የልብስ ሰፊው ሱቅ ዘው አልኩ። ባለሱቁ በቀድሞው መንግሥት ሰባት ዓመት የታሰሩ አዛውንት ናቸው። መርማሪው እጃቸውን አስሮ አንጠልጥሏቸው ስለነበር የግራ እጃቸው ጣቶች ዛሬም መርፌ አይዙም፤ ጨርቁን በክርናቸው እየተጫኑ ነው በስፌት መኪና የሚሰፉት። ያን ሁሉ ዓመት የአንድ ሰው ስም ስላላወጡ ሰፈሩ «ጋሽ ዝም» ይላቸዋል።

የእህታቸው ልጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አዲስ በተከፈተው የተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። ሁለቱም ፊታቸው ቀልቷል።

«እንኳን መጣህ መምህር! እስቲ ዳኘን» አሉኝ ጋሽ ዝም። «ይህችን ልጅ በዚህች መኪና ነው ያስተማርኳት። አሁን መሥሪያ ቤቷ ለማን ጠበቃ እንዳቆመ ታውቃለህ? እኔን ለሰቀለኝ ሰው!»

«እኔ አይደለሁም፤ ባልደረባዬ ነው የያዘው» አለች በትሕትና። «አጎቴ ስለሆኑ እኔ ከመዝገቡ ርቄያለሁ። ጠበቃ መቆሙን ግን እደግፋለሁ።»

«ለእኔስ ማን ቆመልኝ?»

«ማንም አልቆመልዎትም። በደሉ እኮ የጀመረው ከዚያ ነው።»

«ተይ እንጂ! አምባገነኑ ወርዷል፤ ሕዝቡ ወጥቶ ጨፍሯል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

«የወረደው ሰውዬው ነው አጎቴ። ‹ጠላት ስለሆነ መከራከር አያስፈልገውም› የሚለው አሠራር ግን እዚሁ ከእኛው ጋር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ምርጫ አለ። የተሸነፈው ወገን ወንበሩን ለምን የሚለቅ ይመስልዎታል? ከወረደ በኋላ እንደ ሰው እንደሚዳኝ ካወቀ ነው። ፍርድ ቤቱ የበቀል ቤት ከሆነ ግን ማንም አይለቅም፤ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ የምርጫው ሳጥን ባዶ እንጨት ነው።»

«ስለዚህ ምሕረት ይደረግለት ነው የምትይኝ?»

«ኧረ በፍጹም! ይቀጣ፤ ግን ባደረገው ነገር ይቀጣ። ለመሆኑ እርስዎ ለሚጠሉት ደንበኛ የሚለኩበት ሌላ ሜትር አለዎት?»

«ሂጂ ወዲያ! ሜትሬ አንድ ናት። ፊቱን ላየው ለማልፈልገውም ሰው ቢሆን ሱሪው በልኩ ነው። ሙያዬን ላዋርድ እንዴ?»

«እንግዲያው ዳኛውም ሙያውን አያዋርድ።»

ጋሽ ዝም ሊስቁ ከጅሏቸው ተዉት። የልጅቱ ክርክር የተማረ ሰው ክርክር ነበር፤ ነገር ግን የእኚህን ሰው ቁስል ገና እንዳልነካው ይታየኝ ነበር። ጋሽ ዝም መኪናውን አቆሙና በሩን ዘጋ እንዳደርገው ለመኑኝ።

«ነገ ምስክር ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክሱ ሁለት ነው። አንዱ እኔን መስቀሉ። ሁለተኛው አብሮኝ የታሰረውን መጽሐፍ ጠራዥ ደብድቦ ገደለ የሚል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ጠራዡ በሞተበት ሳምንት ግን ይህ ሰው ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ምክትሉ ነው የገደለው፤ በበሩ ቀዳዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ምክትሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ይህኛው ግን እጃችን ላይ ነው። ነገ ‹እሱ ነው› ልል ቆርጫለሁ።»

ልጅቱ ብድግ አለች። «አጎቴ፣ ይህን እኔ መስማት አልነበረብኝም። ይህን በሉ፣ ያንን ተዉ ልልዎት አልችልም። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም» ብላ ዝናብ ሳያባራ ወጥታ ሄደች።

ሁለታችን ቀረን። ዝም ብዬ ብሄድ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ሲሰቅሉዎት የሚፈልጉት ምን ነበር?»

«ስም።»

«የማንን?»

«የማንንም! መዝገባቸው ይሙላላቸው እንጂ እውነት ሆነ ውሸት ምን ግድ አላቸው?»

«እርስዎ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ እምቢ አሉ። ነገ፣ ማንም ሳይሰቅልዎት፣ እውነት ያልሆነ ስም ሊሰጡ ነው። ምክትሉም የትም ይሁን የት ወሬውን ሰምቶ እፎይ ይላል፤ የገደለው ሰው ነገር በሌላው ስም ተዘጋለት።»

ጨርቁን በክርናቸው ተጭነው መስፋታቸውን ቀጠሉ። ልወጣ ስል «ሱሪህ ሰኞ ይደርሳል» አሉኝ።

በማግስቱ የችሎቱ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የጠራዡ ሚስት ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ዳኛዋ «ሟቹን የደበደበው እዚህ የቆመው ተከሳሽ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ዝም ወደ መርማሪው ዞሩ።

«እኔን የሰቀለኝ ይህ ሰው ነው» አሉ የማይታጠፉ ጣቶቻቸውን ወደ ላይ አንሥተው። «ጠራዡን የገደለው ግን ምክትሉ ነው። እንድዋሽ ልቤ ፈልጎ ነበር። አልዋሽም።»

አዳራሹ ተናወጠ። «ከሃዲ!» ብሎ የጮኸም ነበር። ስንወጣ የጠራዡ ሚስት ሕዝቡን እየገፋች መጣች፤ የምትተፋባቸው መስሎኝ መሃል ልገባ ስል የደነዘዘ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በበሽታ ሞተ ሲሉኝ፣ ከዚያ ይህኛው ገደለው ሲሉኝ ኖርኩ» አለች። «ያየ ሰው ሲነግረኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» ጋሽ ዝም ያን ጊዜ እንደ ልጅ አለቀሱ።

መርማሪው በሰቀላቸው ወንጀል አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ ይግባኝም ጠየቀ፤ ይግባኙም ታየለት። ምክትሉ ከአራት ወር በኋላ በሌላ ስም ተደብቆ ሲኖር ተገኘ፤ ፖሊሶች የያዙት የዳኛ ትእዛዝ አሳይተው ነው። ምርጫውም ተደረገ። ያሸነፈው ገባ፤ የተሸነፈው የቢሮውን ቁልፍ አስረክቦ ቤቱ ሄደ፤ ማንም በሩን አልሰበረበትም። የአንድ አገር ነጻነት በአደባባይ ጭፈራ ይጀመር ይሆናል፤ የሚቆመው ግን የሚጠሉትን ሰው እንኳ ያለ ሐሰት መዳኘት በሚችሉ እንደ ጋሽ ዝም ባሉ ሰዎች ላይ ነው።

ከዓመት በኋላ አዲሱ ከንቲባ የድሆችን ቤት ያለ ሕግ አፍርሰሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጋሽ ዝም፣ የእህታቸው ልጅና እኔ ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። ሰዉ ሁሉ እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ይቀርባል ብሎ አላመነም። በሩ ተከፈተና ከንቲባው ያለ አጃቢ ገብቶ የተከሳሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ስሙን ጠርተው «ተነሥ» አሉት።

ተነሣ።